ከግቢ ያልወጣችው መኪና

መኪናዋ ያለ ሹፌር መጣች።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ካርቲየ ሰባት በሚባለው የወደብ ከተማ ሰፈር፣ ደጃፋችን ላይ ተቀምጬ የተወሳሰበ ክር ስፈታ አንዲት ነጭ መኪና ከመስጊዱ ጥግ ታጥፋ ወደ እኔ መጣች። የሞተር ድምፅ የላትም። ከጎማዋ ሥር ጠጠር ሲንቀጫቀጭ ብቻ ይሰማል። ሹፌር የሚቀመጥበትን የግራውን ወንበር አየሁ። ባዶ ነው። መሪም የለውም። ክሩን ጥዬ ወደ ውስጥ ሮጥኩ።

"እማ! ሰው የሌለባት መኪና መጣች!"

ሰው ነበረባት። ረምዚ የሚባል የድሬዳዋ ደላላ በቀኝ በኩል ተቀምጦ ነበር። ከጃፓን በዱባይ በኩል የመጣች ስለሆነች መሪዋ ገና ወደ ግራ አልዞረም። ይህን የሚያስረዳኝ ሰው እስኪገኝ ሁለት ደቂቃ አለፈ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ያመነችውን ነገር ከዚያ በኋላ በማስረዳት አታስጥሏትም።

ወሩ ሐምሌ ነው፣ በፈረንጅ 2005። ኸምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ ከበረሃ እየመጣ ከንፈር የሚሰነጥቅበት ጊዜ። አባቴ ሙጠሊብ ጨርቅና ሽርጥ ይሸጥ ነበር። ጣቃ ጨርቅ ይዞ ባልባላ ላሉ ትናንሽ ሱቆች ለማድረስ በየቀኑ ታክሲ መለመን ሰልችቶት መኪና ለመግዛት ከወሰነ ወር ሆኖታል። የትኛዋን እንደሚገዛ ግን አልወሰነም። አባቴ ለአንድ ጣቃ ጨርቅ እንኳ ሦስት ጊዜ ሄዶ የሚመለስ ሰው ነበር።

"ወላሂ ሙጠሊብ፣ ይህች ሃይብሪድ ናት" አለ ረምዚ የመኪናዋን ጣራ እየደባበሰ። "ግማሽ ቤንዚን ግማሽ ኤሌክትሪክ። ቤንዚን አትጠጣም፣ ትልሳለች ብቻ!"

"ስንት ሄዳለች?"

"ቁጥር ምን ያደርግልሃል? ጀዋሪያን ስታገባ ስንት ኪሎሜትር ብለህ ጠየቅክ?"

"ጠይቄያለሁ። ከድሬ እስከዚህ ሦስት መቶ አለችኝ።"

ወንዶቹ ሳቁ። እናቴ ጀዋሪያ ከበሩ መጋረጃ ኋላ ቆማ ነበር፣ እሷ አልሳቀችም። አባቴ መነጽሩን ሱቅ ረስቶ ስለነበር እኔን ጠራኝ። በግድ ገብቼ መሪው ፊት ተቀመጥኩ። እግሬ ከፍሬኑ በጣም ርቆ ተንጠለጠለ። ቁጥሩን ጮክ ብዬ አነበብኩ፦ ሦስት መቶ አስራ ሁለት ሺህ አራት መቶ ስድስት።

አዳነ አፏጨ። የሰፈሩ መካኒክ ነው፣ ከደሴ የመጣ። "ምድርን ስምንቴ ልትዞር ትንሽ ነው የቀራት። እኔ ከደሴ እዚህ ደርሼ እንኳ ጉልበቴ አልቋል።"

የአዳነን አሠራር መላው ካርቲየ ሰባት ያውቀዋል። ረጅም ካቻቪቴውን ሞተሩ ላይ ተክሎ የእጀታውን ጫፍ ጆሮው ላይ ያደርግና ዓይኑን ይጨፍናል። ሞተር ሲናገር ሰምቶ ነው የሚፈርደው። የዚያን ቀንም ካቻቪቴውን ተክሎ ዓይኑን ጨፈነና "አስነሳት" አለ።

ረምዚ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ዝም አለ። በሞተሩ ፋንታ አንዲት ሴት ተናገረች።

ቀጭን፣ ትሑት፣ በማላውቀው ቋንቋ የሚናገር ድምፅ ነበር። ከመኪናዋ ደረት ውስጥ ነው የመጣው። እዚያው ቦታ ያለች ትንሽ ስክሪን በራች፣ ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ። መሃሏ ላይ አንዲት ቀስት ብቻዋን ቆማለች።

"ምንድን ነው የምትለው?" አለ አባቴ።

"ሰላምታ ነው" አለ ረምዚ። "እያት፣ ባህር ውስጥ ያለች መስሏታል!"

"አስነሳት እንጂ" አለ አዳነ ዓይኑን ሳይገልጥ።

"ተነስታለች።"

"የት ተነሳች?" አዳነ ተናዶ ቁልፉን ራሱ አጠፋው፣ አዞረው፣ አጠፋው፣ አዞረው። ሴትየዋ በየጊዜው ያንኑ ቃል ደገመችለት። "ሞታለች፣ ጋሽ ሙጠሊብ። ባትሪዋ አልቋል።"

"አንተ ሰውዬ፣ ነቅታለች!" ረምዚ እጁን ይዞ አስቆመው። "ድምፅ አትጠብቅ። ይህችን አረንጓዴ መብራት እያት። እሷ ከበራች ማርሹን ሳብና ሂድ።"

አዳነ ካቻቪቴውን ሱሪው ላይ ጠረገ። "ዝም የሚል ነገር አልወድም፣ ሰውም ቢሆን። ሞተር ሳይናገር አልፈርድም። የራስህ ጉዳይ ነው።"

አባቴ እንደ ልማዱ መወሰን አቃተው። ረምዚ ጥቂት ቀብድ ተቀብሎ መኪናዋን ለአንድ ሳምንት ሙከራ ተወለት። አንድ ቅድመ ሁኔታ ነበረው፦ ከሃምሳ ኪሎሜትር በላይ ከተነዳች ገዝቷታል። በነጋዴ ወግ ይህ ቃል ከወረቀት ይበልጣል። ስለዚህ አባቴ እኔን ቁጥር አንባቢ አደረገኝ። በየቀኑ ከዐስር ሶላት በኋላ ገብቼ አነባለሁ፣ በግቢው በር የውስጥ ገጽ ላይ በጠመኔ እጽፋለሁ። ያ ዕለት ቅዳሜ ነበር። አባቴና አዳነ እስከ ወደቡ ሄደው ተመለሱ፣ ዘጠኝ ኪሎሜትር። 312415 ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ መኪናዋ ሸራ ለብሳ ግቢያችን ውስጥ ቆመች፣ ቁልፏም ሚስማር ላይ ተሰቀለ።

ስለ ስክሪኗ ልናገርና ልለፍ። ካርታ የምታሳይ መሣሪያ ናት። የተሞላባት የጃፓን መሬት ብቻ ስለሆነ ከዚያ ውጭ ያለው ዓለም በሙሉ ለእሷ ባህር ነው። ይህን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ የማውቀው አንድ ባህር ነበር፣ ሰው የሚገባበት።

መኪናዋ ከመምጣቷ ሁለት ቀን በፊት የእናቴ ታናሽ ወንድም ኢማድ መጥቶ ነበር። አስራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አንድ ሱሪ በፌስታል ይዟል፣ ጫማው ከእግሩ ይሰፋል። ጎኔ ተቀምጦ እኔ የማልፈታውን ቋጠሮ በጥርሱ ፈታልኝ። አባቴ ከሱቅ ሲመለስ ቆሞ ነው ያናገረው።

"ወደ የመን ነው?"

"ኢንሻአላህ።"

"እንግዲያው አታድርም። ወደ ድሬ የምትመለስ ከሆነ ቤቱ ቤትህ ነው። ለባህር የሚሄድ ሰው ከእኔ ቤት አይነሳም።"

ጨካኝ አልነበረም። ከሁለት ዓመት በፊት የእህቱን ልጅ አሳድሮ ነበር። ልጁ ጀልባ ተሳፈረ፣ ከዚያም ስልክ አልደወለም። አክስቴ እስክትሞት ድረስ "ከቤትህ ነው የወጣው" ከማለት በቀር ለአባቴ ሌላ ቃል አልነበራትም። ኢማድ ራሱን ነቀነቀ። "ሃያብለ ሰዎች አሉኝ" አለና ሄደ። ከመሄዱ በፊት እናቴ ውሃ ሰጠችው፣ በአባቴ ብርጭቆ። ማንም በማይነካው ብርጭቆ።

ሃያብለ የባህሩ በር መሰለኝ። ባልባላ ላይ፣ ከድንጋዩ መሃል ያለ የቆርቆሮ ሰፈር ነው እንጂ ባህሩ እንኳ ከሩቅ ነው የሚታየው።

በእኛ ሰፈር ጂን የሚወጣው ሌሊት አይደለም። በቀን በስምንት ሰዓት ነው። ጫቱ በሰባት ሰዓት ይገባል፣ ወንዶቹ በርጫ ይቀመጣሉ፣ ሴቶቹ በር ዘግተው ይተኛሉ። እስከ አስር ሰዓት ድረስ መንገድ ላይ ሰው የለም። ፍየሎች የቆመ ጭነት መኪና ሥር ይገባሉ። ቁራዎቹ አፋቸውን ከፍተው ያለ ድምፅ ይቀመጣሉ። የጠራ ፀሐይ ላይ ባዶ ከተማ ያላየ ሰው ፍርሃት ጨለማ የሚፈልግ ይመስለዋል።

እሑድ በስምንት ሰዓት፣ ወለሉ ላይ ተኝቼ ሴትየዋን ሰማኋት። ያንኑ ቃል፣ በዚያው ትሕትና። ከግቢ ነው የመጣው። አንሶላ ተከናንቤ ቆየሁ። እናቴ በኋለኛው ክፍል ተኝታለች፣ በዚያ ሰዓት በሯ አይንኳኳም። ከሴትየዋ በኋላ ምንም አልተሰማም፤ የጠጠር መንቀጫቀጭ ብቻ።

ከዐስር ሶላት በኋላ ሸራውን ገልጬ ገባሁ። 312430። መኪናዋ ከግቢ አልወጣችም፤ አባቴ በርጫ ላይ ነበር፣ እናቴ ተኝታ ነበር። አስራ አምስት ኪሎሜትር ሄዳለች። ቅዳሜ አሳስቼ አንብቤ ይሆናል ብዬ ለአባቴ "ያው ናት" አልኩት። በሩ ላይ ግን ትክክለኛውን ጻፍኩ። የበሩ ማጠፊያ ሌላ ጊዜ ያጓራል፣ ያን ቀን አላጓራም። ጣቴን ነካ አድርጌ አሸተትኩት፣ የሰሊጥ ዘይት።

ሰኞም ሴትየዋ ተናገረች። ከዐስር ሶላት በኋላ ሸራውን ስገልጥ የኋላው መስታወት ላይ እጆች አየሁ። አቧራው ላይ የታተሙ ትናንሽ መዳፎች፣ አስር ወይ አስራ ሁለት፣ አንዱ በአንዱ ላይ። አንዱን በእጄ ለካሁት። ከእኔ ያንሳል። በግቢያችን ያለሁት ልጅ እኔ ብቻ ነኝ። ቁጥሩ 312445።

ወደ እናቴ ሮጥኩ። ዕቃ እያጠበች ነበር። ፊቷ በፀሐይ የተመታ ይመስላል፣ የቀሚሷ ጠርዝ አቧራ ነው።

"እማ፣ መኪናዋ ብቻዋን ትሄዳለች። ልጆች ውስጧ አሉ።"

እጇ ውሃው ውስጥ ቆመ። "ማን ነገረሽ?"

"ቁጥሩ።"

"ለአባትሽ ነገርሽው?"

"አልነገርኩትም።"

እጇን ሳታደርቅ አገጬን ያዘችኝ። "ውዳድ፣ እስከ ረቡዕ አትንገሪው። ረቡዕ ራሷ ትቆማለች። ቃል ግቢልኝ።"

ገባሁላት። ግን ከፊቷ ያነበብኩት ሌላ ነው። እናቴ ታውቃለች አልኩ። ሴትየዋ ከእናቴ ጋር ተስማምታለች፣ ረቡዕ የምትቆመው የምትፈልገውን ሰው ስታገኝ ነው። የምትፈልገው ደግሞ እናቴን ነው።

ማክሰኞ አልተኛሁም። ሴትየዋ ስትናገር ወደ ጣራ የሚወስደውን መሰላል ወጣሁ። ቆርቆሮው መዳፌን ጠበሰኝ። በሩ ገርበብ ብሏል፣ ሸራው መሬት ላይ ነው። መኪናዋ መንገዱ ላይ ነበረች፣ ከላይ ነጭ ጣራዋ ብቻ ይታያል፣ መስታወቱ ፀሐይ ይተፋል። በፍየሎቹ አጠገብ አለፈች። ፍየሎቹ ቀና እንኳ አላሉም። ከመስጊዱ ጥግ ታጠፈች።

ያን ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ወንበሯ ላይ ስቀመጥ እግሬ ፍሬኑን ነካ። ቅዳሜ አይደርስም ነበር። በሦስት ቀን አላደግሁም። መኪናዋ ወደ ራሷ እየሳበችኝ ነው። ቁጥሩ 312460። ሃምሳ አራት ኪሎሜትር ሆኗል፤ በረምዚ ቃል መሠረት መኪናዋ የእኛ ናት፣ ለዘላለም ግቢያችን ውስጥ ትቀመጣለች።

ወደ ሱቅ ሮጬ ለአባቴ ሁሉንም ነገርኩት። የሴትየዋን ድምፅ፣ እጆቹን፣ ቁጥሩን። እናቴን እያዳንኩ ነበር።

አባቴ አልሳቀም፣ አልተቆጣም። ቤት መጣ፣ የሹፌሩን በር ከፈተ፣ ወንበሩን ለረጅም ጊዜ አየ። ሊቀመጥ ሲሞክር ጉልበቱ መሪውን መታው። እጁን ወደ ታች ሰድዶ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋው። ከዚያ ቁልፉን ከሚስማሩ አውርዶ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ።

"ጎበዝ ልጅ" አለኝ። ቀዝቃዛ ለስላሳ ገዛልኝ።

ረቡዕ አባቴ በርጫ አልሄደም። ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ወንበር አውጥቶ በሩን ተደግፎ ተቀመጠ። እናቴ አንዲት ጎድጓዳ ሳህን ታጥባለች፣ ታፈሳለች፣ ያችኑ መልሳ ታጥባለች። እኔ ጥላው ውስጥ ተቀምጬ እግሬን አወዛውዛለሁ፣ ደስ ብሎኛል። የሰፈሩ ዝምታ ለመጀመሪያ ጊዜ አላስፈራኝም፣ አባቴ ይጠብቀናል።

አስር ሰዓት ላይ አባቴ ያስጠራው ረምዚ ጉንጩ በጫት እንዳበጠ መጣ። ገብቶ ቁጥሩን አየና አጨበጨበ።

"ሃምሳ አራት! መብሩክ ሙጠሊብ፣ ገዝተሃል!"

"ቀብዱን ያዘው። መኪናህን ውሰድ።"

"ቃል ነው እንጂ ያ አኺ፣ ወንድሜ! ማን ነዳት ይህን ሁሉ?"

የእናቴ እጅ ሳህኑ ላይ ቆመ።

"እኔ" አለ አባቴ።

አባቴ ሲዋሽ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ጂኗን ሊያስቆጣት ስላልፈለገ ነው ብዬ ደመደምኩ።

"ታዲያ ምኗን ጠላህ?"

"ድምፅ የላትም። አዳነ እውነቱን ነው።"

ረምዚ እየተራገመ ነድቶ ወጣ። ሴትየዋ ለመጨረሻ ጊዜ ተናገረች። እናቴ ሳህኑን አስቀምጣ ክፍሏ ገባች፣ በሩን ዘጋች። እኔ በሩ ላይ ያለውን ጠመኔ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁት፣ በጣም በጥንቃቄ፣ ሴትየዋ መመለሻዋን እንዳታገኝ።

አስራ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ታሪክ ሳወራ ሰው አሳቅቄበታለሁ። ዩኒቨርሲቲ ስታቲስቲክስ እያጠናሁም ቢሆን ቁጥሩ እንዴት እንደጨመረ አልጠየቅሁም። ቁጥር ሲጨምር ምክንያት እንዳለው እያስተማረች መኖር ለምትፈልግ ሰው ይህን ማመን ያሳፍራል።

ባለፈው ወር መኪና ልገዛ ባልባላ መንገድ ላይ ወዳለ ሻጭ ሄድኩ። ጫላቸው ይባላል። ያሳየኝ ሃይብሪድ ናት፣ ሁለት መቶ አርባ አንድ ሺህ የሄደች። "ቁጥሩን አትይው እህቴ፣ ልቧን እይው" አለኝ። ልብ ማየት አልችልም፣ ቁጥሩን አየሁ። እናቴን ይዣት ሄጄ ነበር። አባቴ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኖታል፣ ከቤት ላስወጣት ብዬ ነው። ጎኔ ተቀመጠች፣ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ።

ቁልፍ የላትም፣ የሚጫን ነገር ነው ያላት። ተጫንኩት፣ ዝም አለች። ደግሜ ተጫንኩት። ትዕግሥት የለኝም። ሦስተኛ ጊዜ ልጫን ስል የእናቴ እጅ እጄን ያዘው።

"ዝም በያት፣ ነቅታለች። ድምፅ አትጠብቂ። አረንጓዴዋን መብራት እያት። ከበራች ማርሹን መሳብ ነው።"

ጫላቸው በመስኮት ጎንበስ ብሎ ሳቀ። "እማማ መካኒክ ነዎት እንዴ?"

እኔ አልሳቅሁም። እናቴ መኪና ነድታ አታውቅም፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የማውቀው ይህንን ነው።

"እማ፣ የት ተማርሽ?"

"መንዳቱን? ድሬ፣ ወንዙ ሲደርቅ አሸዋው ላይ። አባቴ ነው ያስተማረኝ፣ በጭነት መኪናው።"

ጫላቸውን ውሃ ግዛልን ብዬ ላክሁት። እናቴ ፊት ለፊት እያየች ነበር።

"ከቤት እስከ ሃያብለ ሰባት ተኩል ነው" አለች። "ሚኒባስ ብሳፈር ሳልወርድ ወሬው ሱቅ ይደርሳል። እሷ ግን ዝም ትላለች። የዚያ ሰፈር ልጆች ብቻ ናቸው የሚያስቸግሩት፣ ድምፅ የሌላት መኪና አይተው አያውቁም፣ ከኋላ እየሮጡ በእጃቸው ይነኳታል። እሑድ ኢማድ አልሰማኝም። ሰኞ አለቀሰ። ማክሰኞ ወደ ድሬ እመለሳለሁ አለኝ። ረቡዕ በስምንት ሰዓት መጥቼ እወስድሃለሁ፣ ለውዳድ አባት ራሴ እነግረዋለሁ፣ ካላሳደረህ ባቡር ላይ አሳፍርሃለሁ አልኩት።"

"ረቡዕ።"

"እስከ አስር ሰዓት ጠበቀኝ። አብሮት የነበረ ልጅ ነው በኋላ የነገረኝ። በአስር ሰዓት የጀልባው ሰዎች መጡ።"

ኢማድ ስልክ አልደወለም። ይህን ሁልጊዜ አውቀው ነበር። ከመኪናዋ ጋር ግን አያይዤው አላውቅም።

"አባ አልጠየቀሽም?"

"አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር።" ቦርሳዋን ከፈተችና ዘጋችው። "እኔም ሳይጠይቀኝ አልነገርኩትም።"

"እስከ ረቡዕ አትንገሪው ብለሽኝ ነበር።"

"ብዬሽ ነበር።"

"ነገርኩት።"

"ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር። በዘጠኝ ዓመት ልጅ ላይ ያን ያህል ነገር የሚጭን ሰው ጥፋቱ የራሱ ነው።" ቦርሳዋን ከጉልበቷ አነሳች። "የጠላሁት ያን ሰማያዊ ነገር ነው። ስሄድም ስመለስም ባህር ውስጥ ነሽ ይለኛል።"

ጫላቸው ሁለት ጠርሙስ ውሃ ይዞ ተመለሰ። "እና እህቴ፣ ምን ወሰንሽ?"

እናቴ በሯን ከፍታ ወረደች። በመኪናዋ ፊት ዞራ በእኔ በኩል ቆመችና ተነሺ ስትል በእጇ አመለከተችኝ። ተነሳሁ። ተቀመጠች፣ ጎንበስ ብላ ወንበሩን ወደ ፊት ሳበችው፣ መስታወቱን ዝቅ አደረገች። ይህን ሁሉ ሳታይ ነው ያደረገችው።

"እማማ፣ መንጃ ፈቃድ..." አለ ጫላቸው።

ሮጬ በሌላው በር ገባሁ። አረንጓዴዋ መብራት በርታለች። እናቴ ማርሹን ሳበች፣ መኪናዋ ወደ ኋላ ተንሸራታ ከግቢው ወጣች። ከጎማዋ ሥር ጠጠር ሲንቀጫቀጭ ብቻ ይሰማል። ወደ ከተማው አልዞረችም፣ ወደ ላይ ወደ ሃያብለ ነው የዞረችው። ስምንት ሰዓት ሆኖ ነበር፣ መንገዱ ላይ ሰው አልነበረም።

እስከ ሃያብለ ሄደን ተመለስን። ከመውረዴ በፊት ከልማድ ቁጥሩን አነበብኩት። ጫላቸው ስንት ሄዳችሁ ብሎ ጠየቀኝ።

"ከዚህ አልወጣችም" አልኩት። "እገዛታለሁ።"